የእማዬ ልብስ ማጠቢያ ጠዋት ይሠራል፣ ማታ እምቢ ይላል፤ ምን ሆኖ ነው?

የግንፍሌዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንድ አሮጌ ልብስ ማጠቢያ ላማክራችሁ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ማሽኑ ጣልያን ሠራሽ ነው። አባቴ በ1986 ዓ.ም. ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ሰው ላይ የገዛው ነው። በፊት ለፊት ይከፈታል። እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ እያለ የሚዞር ማዞሪያ አለው። ስክሪን የሚባል ነገር የለውም። አባቴ ካረፈ ወዲህ እማዬ ማሽኑን እንደ ቤተሰብ ነው የምታየው። ሸጠን አዲስ እንግዛ ካልኳት ትከፋለች። እውነቱን ለመናገር እኔም መሸጥ አልፈልግም። የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም፣ መጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ከኛ በላይ ያለው ጣሪያና ሮቶ ብቻ ነው።

አመሉ ይሄ ነው። ጠዋት ካጠብንበት ደህና ይሠራል። ማታ ካበራነው ግን ውሃ ይሞላና "እምምም" ይላል እንጂ ድራሙ አይዞርም። እማዬ መላ አግኝታለታለች። የኋላ ሽፋኑን ካነሳችው ቆይቷል። እምም ሲል ድራሙን የሚያዞረውን ትልቁን ፑሌጃ በማማሰያ ገፋ ታደርገዋለች። ይነሳል። ትንሽ ዞሮ ይቆምና በሌላ በኩል ሊዞር ሲል እንደገና እምም፣ እንደገና ማማሰያ። "ማታ ማታ ይደክመዋል" ነው የምትለው።

ሌላም አለ። ውሃ ለመሞላት ዘመን ይፈጅበታል። አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይሞላም። ሲጨምቅ ደግሞ ከቦታው ተነስቶ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ይሄዳል።

ሁለት ሰው አይቶታል። አንዱ "ሞተሩ ተቃጥሏል" አለ። ሁለተኛው ሳይከፍተው "ለቆራሌው ስጡት" ብሎ ሄደ። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።


ባለካቻቪቴው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ማማሰያው ዛሬውኑ ይቀመጥ። እናትሽን ለምኛቸው። ነጠላ የደረበ ሰው የሚዞር ቺንጋ አጠገብ መጎንበስ የለበትም። የነጠላው ጫፍ ከተያዘ ሞተሩ ሰው መሆኑን አያውቅም። በዚያ ላይ ሽፋን በሌለው ማሽን ውስጥ የተራቆተ ሽቦ አለ።

አሁን ወደ በሽታው። ሞተሩ አልተቃጠለም። የተቃጠለ ሞተር በማማሰያ አይነሳም። ይሄንን ያለሽ ሰው እምምታውን ሰምቶ ብቻ ነው የፈረደው።

የዚያ ዘመን ማሽኖች ብዙዎቹ ካርቦን (እየተፋተገ መብራት ወደሚዞረው ክፍል የሚያሳልፍ ዕቃ) የሌለው ሞተር ነው ያላቸው። ይሄ ሞተር በቤት መብራት ብቻውን መነሳት አይችልም። አንዴ ከተነሳ ራሱን ችሎ ይዞራል፤ ለመነሳት ግን በአንድ በኩል ገፋ የሚያደርገው ይፈልጋል። ያንን የሚሠራለት ካፓሲተር የሚባል ዕቃ ነው። ካፓሲተር በዕድሜ ይደክማል። ብዙ ጊዜ ድንገት አይሞትም፣ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የናንተው እዚያ ላይ የደረሰ ይመስለኛል።

እናትሽ "ማታ ይደክመዋል" ያሉት ትክክል ነው። ማታ የሕንፃው ሰው ሁሉ ምድጃ ላይ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ምጣዱና ምድጃው ሲበዛ 220 የነበረው ቮልት ይወርዳል። የሞተር የመነሻ ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ ከዚያ በባሰ ነው የሚቀንሰው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛው ይወርዳል። ጤነኛ ካፓሲተር ይሄን ይችለዋል። የደከመ ካፓሲተር ጠዋት እንደምንም ያነሳዋል፣ ማታ ግን አቅም ያጣል።

አንድ ጥያቄ። እማማ ወደ ቀኝ ሲገፉት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲገፉት ወደ ግራ ይዞር ነበር? ከትዝታቸው ይንገሩሽ። አትሞክሩት።


የሰራተኛ ሰፈር ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ይቅርታ ባለካቻቪቴው፣ እኔ ካርቦን ነው የምለው። የኛም ማሽን እንዲሁ አልነሳ እያለ ካርቦን ሲቀየርለት ነው የዳነው።


ባለካቻቪቴው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

የናንተው ባለካርቦን ስለነበረ ነው። እሱ ካርቦኑ ሲያልቅ ዝም ይላል፣ ወይም እያቆራረጠ ብልጭ ብልጭ ይላል። እምም አይልም። እምምታ ማለት መብራቱ ሞተሩ ዘንድ ደርሷል፣ መነሳት ነው ያቃተው ማለት ነው።


የግንፍሌዋ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። እማዬ ማማሰያውን አስቀምጣለች። ስለ አቅጣጫው ስጠይቃት ሳታስብ ነው የመለሰችልኝ፤ "ወደገፋሁት ነው የሚሄደው" አለች።

ከሶኬት ነቅዬ በባትሪ አየሁት። ከሞተሩ በላይ ነጭ፣ እንደ ትንሽ ጣሳ ያለ ነገር አለ። "16" ይላል፣ አጠገቡ የማይክሮ ምልክትና ኤፍ፣ ከዚያ 450 ቮልት። አናቱ ትንሽ ነፋ ብሏል።

የውሃውን ነገርስ ምን ትላላችሁ? ትናንት እንኳን ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲገባ እየሰማሁት አልሞላም።


ባለካቻቪቴው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ወደገፉት ከሄደና አናቱ ከነፋ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። መርካቶ ሂጂና 16 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት በያቸው። ለውሃ ፓምፕ የሚሸጠውም ዓይነቱ አንድ ነው። ግን "ራኒንግ" ይሁን። "ስታርቲንግ" የሚሉትን እንዳትወስጂ፣ እሱ ለአፍታ ብቻ እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ እዚህ ቢገባ ይፈነዳል። አሮጌውን ይዘሽ ብትሄጂ ጥሩ ነበር፣ ግን ራስሽ አትፍቺው። ማሽኑ ተነቅሎም ካፓሲተር መብራት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ፎቶ አንስተሽ ሂጂ። የሚፈታውና የሚገጥመው ባለሙያ ይሁን።


ውሃና ቧንቧ
ማክሰኞ፣ ቀን 6፡20

የውሃውን ለኔ ተዉልኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። የቆሻሻ ውሃ መውጫው ቱቦ ጫፉ የት ነው ያለው? ሮቶው ከማሽኑ በላይ ስንት ሜትር ይሆናል?


የግንፍሌዋ
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡05

ቱቦው መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ነው የተጣለው፣ ፍሳሹ አፍ ላይ። ሮቶው ሦስት ሜትር ቢሆን ነው።


ውሃና ቧንቧ
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡40

አገኘነው። ቱቦው ወለል ላይ ከሆነ ማሽኑ በላይ ይሞላል፣ በታች ይፈስሳል። ፖምፓው ውሃ ይገፋል እንጂ አይዘጋም። ውሃው እንዳይወጣ የሚያደርገው የቱቦው ከፍታ ብቻ ነው። ጫፉን ከወለሉ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ስቀይው። ጫፉ ቧንቧው ውስጥ ጥብቅ ብሎ አይገባ፣ አየር የሚገባበት ይኑረው። አለዚያ እንደ ቤንዚን መሳቢያ ጎማ ራሱ እየሳበ ይጨርሰዋል።

ሁለተኛ፣ የውሃ መግቢያው ቱቦ ማሽኑ ላይ የሚገባበት ቦታ ትንሽ ወንፊት አለች። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከቀናት በኋላ ሲለቀቅ ዝገትና ደለል ይዞ ይመጣል። ያቺ ወንፊት ነች የምትይዘው። ውሃውን ዝጊና ፈትተሽ አጥቢያት።

ሦስተኛ፣ ግፊት። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይገፋል። የናንተ 3 ሜትር ማለት 0.3 ባር ነው። ብዙ ማሽን የሚጠብቀው ከግማሽ ባር ጀምሮ ነው። ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቶቻችሁ ከአንድ ሮቶ እየጠጡ ከናንተ የተሻለ ግፊት አላቸው። ቅርብ መሆን ለውሃ አይጠቅምም፣ የሚጠቅመው ዝቅ ማለት ነው።


የግንፍሌዋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ቱቦውን ትናንት ማታ ሰቀልኩት። ወንፊቷ በቀይ ጭቃ ተደፍና ነበር፣ አጠብኳት። ዛሬ ጠዋት ተነስተን ስናይ ግን ማሽኑ ውስጥ ውሃ አለ! ማታ አላጠብንም። መብራቱም ተነቅሏል። በመስታወቱ ሩብ ያህል ሞልቶ ይታያል። አበላሸሁት እንዴ?


ውሃና ቧንቧ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ምንም አላበላሸሽም። እንዲያውም ተደብቆ የኖረውን ነገር አወጣሽው።

የውሃ መግቢያው ቫልቭ ውስጥ ስስ ጎማ አለች። ቫልቩ ሲዘጋ ጎማዋን አፏ ላይ አጣብቆ የሚይዛት ራሱ የውሃው ግፊት ነው። ግፊቱ አነስተኛ ከሆነ፣ ወይም አሸዋ ሥሯ ከገባ፣ በደንብ አትገጥምም። ጠብ ጠብ ይላል። መብራት ቢነቀልም ይንጠባጠባል፣ ምክንያቱም ነገሩ የመብራት አይደለም።

ይሄ ትናንት የጀመረ አይደለም። ቱቦው ወለል ላይ እያለ የሚንጠባጠበው ሁሉ ዝም ብሎ ወደ ፍሳሹ ሲሄድ ነበር። ማንም አላየውም። ቱቦው ከፍ ሲል መውጫ አጣና ተጠራቀመ።

እስቲ ልጠይቅሽ፣ ሮቶው ቶሎ ያልቅባችሁ ነበር?


የግንፍሌዋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

በስመ አብ! ሁልጊዜ! ፈረቃችን ሳይደርስ ያልቃል። እማዬ "ጎረቤት ቧንቧ ይከፍታል" እያለች ስንት ጊዜ ሰው ታዝባለች። ዛሬ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ "ይቅር ይበለኝ" አለች። ከሰዓት ታች ላሉት ሴትዮ ቡና ልታፈላ ነው።

ስለዚህ ቫልቩ ይቀየራል?


ውሃና ቧንቧ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡35

አዎ፣ ይቀየር። አዲሱም ቢሆን በ0.3 ባር ሙሉ በሙሉ ላይተማመኑበት ይችላሉ። እጥበት ሲያልቅ የግድግዳውን ቧንቧ በእጅ መዝጋት ልማድ ይሁን። ውሃ በጠፋበት ቀን ደግሞ ኦሞ በሚጨመርበት መሳቢያ በኩል በጆግ ሙሉት። ልኩ ላይ ሲደርስ ውስጡ ጠቅ ይልና ድራሙ ይነሳል። አሮጌ ማሽን ውሃው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ይሄ ከአዲሶቹ የሚበልጥበት አንድ ነገር ነው።


የግንፍሌዋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡50

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ትንሽ ነገር፣ ከድሮም ያለ ነው። በባዶ እግሬ ሆኜ ብረቱን ስነካው ነዘር ያደርገኛል። እማዬ ነጠላ ጫማ ስለማታወልቅ ምንም አይላትም። ይሄ ከካፓሲተሩ ጋር አብሮ ይጠፋል?


ከካዛንቺስ የተነሳ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡55

እህቴ፣ አይጠፋም! ማሽኑን አሁኑኑ ንቀይው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። በድሮው ሰፈራችን እንደዚሁ "ነዘር ነው የሚያደርገው" ሲባል የኖረ ማሽን ጎረቤታችንን ከእርጥብ ወለል ላይ ጥሏታል። እግዚአብሔር አተረፋት እንጂ አልቆላት ነበር።


ባለካቻቪቴው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ይሄንን መጀመሪያ ላይ ባለመጠየቄ አዝኛለሁ። ሁሉም ነገር ይቁም። ካፓሲተሩም፣ ቫልቩም፣ ማሽኑ ከቦታው መሄዱም ይቆይ። ይሄ ሳይፈታ ማሽኑ ሶኬት ላይ አይሰካ።

ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ መብራት መግቢያው ላይ ያለች ማጣሪያ ትንሽ መብራት ወደ ብረቱ ታሳልፋለች። የምድር ሽቦ ካለ ወደ መሬት ይሄዳል፣ ማንም አይሰማውም። ከሌለ ብረቱ ላይ ይቆይና ይነዝራል። ሁለተኛው የከፋው ነው። የውሃ ማሞቂያው ውስጡ ተሰንጥቆ መብራት ውሃውንና ብረቱን ነክቶ ይሆናል። በስሜት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ባለሙያ በመሣሪያ ይለካው።

ሁለቱም የሚገናኙት አንድ ቦታ ነው፤ ምድር ሽቦ የላችሁም። ወይ ሶኬታችሁ የለውም፣ ወይ በመሃል ሁለት እግር ያለው ዲቫይደር ገብቷል። ዲቫይደሩ ምድር የሚይዙት ብረቶች ከሌሉት ግድግዳው ላይ ያለው ምድር ማሽኑ ዘንድ አይደርስም። ዲቫይደር ለልብስ ማጠቢያ በፍጹም። ማሞቂያው ብቻውን 2 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል፤ ርካሹ ዲቫይደር ይቀልጣል።

አንዳንድ ሠራተኛ "ምድር ከሌለ ከኑትሉ (መብራቱ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር ላገናኘው" ይላል። እንዳትፈቅጂ። ኑትሉ መንገድ ላይ ከተበጠሰ የማሽኑ ብረት ሙሉ 220 ይሆናል። እውነተኛ ምድር ይሳብ። ከተቻለ መብራት ወደ ሰው ሲሄድ የሚቆርጠው ብሬከር ይጨመር፤ 30 ሚሊ አምፔር የሚለውን።

መጥቼ አየው ነበር፣ ግን ሱቃችን ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ ሩቅ ነኝ። ቅርብ ያለ ሰው ፈልጊ። ሳይለካ "ችግር የለውም" ካለሽ አሰናብቺው።


እናት ከስድስት ኪሎ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ልጄ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። እኔም እንደሷው በአሮጌ ማሽን ነው የማጥበው። ሽቦውን ለሚያውቁት ትቼ ስለ ልብሱ ልንገርሽ።

ይሄዳል ያልሽው ጋቢ ብቻውን ስትከቱበት አይደለም? ጋቢ አራት ድርብ ነው። ውሃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ተጠቅልሎ አንድ ጥግ ይይዛል። አዲሱ ማሽን ይሄን አውቆ ይቆማል ይላሉ። የኛው አያውቅም፣ እንዳገኘው ይፈትለዋል። አንድ ጋቢ ከሁለት አንሶላ ጋር ክተቱ፤ ዙሪያውን ይሞላል። እምቢ ካለ ከመጭመቁ በፊት አቁመሽ በእጅ ዘርጊው።

ኦሞም አታብዙ። የእጅ ማጠቢያው ለዚህ ዓይነት ማሽን አረፋው ይበዛል። ልብሱ አረፋ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይፈተግም። ለአንድ ሙሉ ማሽን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃኛል። ነጠላ ከሆነ ጥለቱ እንዳይለቅ በቀዝቃዛ፣ የትራስ ልብስ ውስጥ ከታችሁ፣ አፉን አስራችሁ።


የግንፍሌዋ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡30

እማማ፣ ሰላምታዎን አድርሻለሁ። እማዬ "አድራሻቸውን ጠይቂልኝ" ብላለች። የሄደውም በትክክል ጋቢ ብቻውን የገባ ቀን ነው።

ሰው አገኘን። ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ መንዘሩ ነው፤ ያኔ ነው ያመንኩት። ማሞቂያውን ከሽቦው ለይቶ ለካ። ማሞቂያው ነው። ሲያወጣው በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ተሰንጥቋል። እማዬ ስታየው ቁጭ አለች። ስንት ዓመት እጄን እዚህ ውሃ ላይ ሳሳርፍ ነበር አለች።

አዲስ ማሞቂያ ገባ። ሶኬቱ ጀርባ ምድር ሽቦው እዚያው አለ፣ ግን ከምንም ጋር አልታሰረም። ታሰረ። ብሬከሩም ገባ። ከዚያ ቫልቩ፣ በመጨረሻ ካፓሲተሩ። አሮጌውን ሲለካው 16 መሆን የነበረበት 9 ሆኖ ተገኘ።

ፖምፓው ወንፊት ውስጥ የተገኘውን ደግሞ ልንገራችሁ። ሁለት የፀጉር ሽቦ፣ አራት ሳንቲም፣ አንድ የአባቴ የሸሚዝ ቁልፍ። ቁልፉን እማዬ ወስዳ አስቀመጠችው።

ትናንት ማታ 1 ሰዓት ላይ አበራነው። ሆን ብለን ነው፣ ምጣዱ ሁሉ በሚሠራበት ሰዓት። ሞላ፣ ጠቅ አለ፣ ተነሳ። ቆመ፣ በሌላው በኩል ተነሳ። እማዬ ከኋላው ቆማ ነበር። ምንም ሳትነካ እስከ መጨረሻው አየችው።


ባለካቻቪቴው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

ደስ ብሎኛል። ከ16 ወደ 9፣ ጠዋት ማንሳቱ ራሱ ይገርማል።

ስለ ቅርፊቱ፦ ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል፣ ሲሞቅ ማሞቂያው ላይ ይጋገራል። በጥቂት ወር አንዴ ያለ ልብስ በሲትሪክ አሲድ አሙቁት። አቼቶ አታዘውትሩ፣ የበሩን ጎሚኒ ያደርቀዋል።

90 ዲግሪውንም ተዉት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 90 ላይ አሮጌው ማሽን ልብሱን እየቀቀለው ነው ማለት ነው። ለአንሶላም 60 ይበቃል።

መሄዱ በጋቢው አስተጣጠብ ካልቆመ አራቱን እግሮች በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ዳዶዎቹን ወደ ላይ አጥብቁ። ውስጡ ክብደት የሚሰጠው ኮንክሪት አለ፤ ብሎኑ ላልቶ ከሆነ ሲጨምቅ ዱም ዱም ይላል። እሱን ሰምተሽ ንገሪኝ።


የሰራተኛ ሰፈር ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡30

ስለ ካርቦኑ ተሳስቼ ነበር፣ ተምሬበታለሁ። የኛው አሁን ካበቃ በኋላ በሩ ወዲያው አይከፈትም። ተበላሽቶ ነው?


ባለካቻቪቴው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡40

አይደለም። የበሩ መቆለፊያ በሙቀት ነው የሚሠራው፤ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። እጀታውን አትታገለው፣ የሚሰበረው በዚህ ነው።


የግንፍሌዋ
እሁድ፣ ቀን 5፡20

ከቤተክርስቲያን መልስ አንድ ጋቢ ከሁለት አንሶላ ጋር አጠብን። ዱም ዱም የለም። አንድ ስንዝር ያህል ተንቀሳቀሰ፣ እግሮቹን ነገ እናስተካክላለን። ጠዋትም ውስጡ ደረቅ ነበር፣ ሮቶውም ገና ግማሽ ነው።

የኋላ ሽፋኑን ከአልጋ ሥር አውጥተን መለስነው። ስድስት ብሎን ነው የሚይዘው፣ ያገኘነው አራት ነው። የጎደሉትን ሁለቱን ምን ብዬ ልጠይቅ?


ባለካቻቪቴው
ቀን 5፡45

ስም አያስፈልግሽም። ከአራቱ አንዱን ፍቺና ይዘሽው ሂጂ። ከመፍታትሽ በፊት ግን ንቀይው።


የግንፍሌዋ
ቀን 5፡50

ነቅያለሁ።